ደፍ፦ አንዱ ጎጥ ተለውጦ ሌላው ለምን ይቀራል?

ጎጃም አዊ ውስጥ ካለችው ከአዲስ ቅዳም ከተማ ወጣ ብሎ፣ በአንዲት ጅረት ብቻ የሚለያዩ ሁለት ጎጦች አውቃለሁ። ከወዲህ ያለው ማሳው ሁሉ ዲከረንስ የሚባል የከሰል ዛፍ ለብሷል። ችግኙ ይተከላል፣ በአራት በአምስት ዓመቱ ይቆረጣል፣ ከሰል ይሆናል፣ በመኪና ተጭኖ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ማዶ ያለው ጎጥ ግን ዛሬም ጤፉን ይዘራል፣ ድንቹን ይተክላል፤ ዛፍ የሚታየው በአጥር ጥግ ብቻ ነው። ሰዉ ተጋብቶ ተዋልዷል። በአንድ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል፣ በአንድ ገበያ ይገበያያል፣ አፈሩም ያው ነው። ታዲያ ለምን ተለያዩ ብላችሁ ብትጠይቁ መልስ አይጠፋም። ከወዲህ ያሉት "እኛ ነቅተናል፣ እነሱ ግትሮች ናቸው" ይሏችኋል። ማዶ ብትሻገሩ ደግሞ "እኛ እህላችንን አንተውም፣ እነሱ ለብር የቸኮሉ ናቸው" ትባላላችሁ።

ሁለቱ መልሶች የተጣሉ ይመስላሉ እንጂ ስሕተታቸው አንድ ነው። የጎጡን ድርጊት አይተው የሰዉን ልብ ያወቁት ይመስላቸዋል። እኔ ደግሞ ይህ ግምት ምን ያህል ሊያሳስት እንደሚችል ላሳያችሁ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም በዚህ ግምት ብዙ ሰው ያለ ጥፋቱ "አይሰማም" ተብሎ ተፈርዶበታል። ነገሩ በሒሳብ ይታያል። ሒሳቡም ከመቁጠርና ከመደመር ብዙ አያልፍም። ወረቀትና እስክሪብቶ ካላችሁ አብረን እንሥራው።

10 ቤት ያለው ጎጥ እንውሰድ። እያንዳንዱ አባወራ በልቡ አንድ ቁጥር ይዟል። "ስንት ጎረቤት ተክሎ ካየሁ ነው እኔም የምተክለው?" ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሆን ቁጥር ነው። ይህን ቁጥር ደፍ እንበለው። የቤት ደፍ ማለቴ ነው፤ እስክትሻገሩት ድረስ ውጭ ናችሁ፣ ከተሻገራችሁት ገባችሁ። ደፉ 0 የሆነ ሰው ማንንም ሳይጠብቅ ይተክላል። ደፉ 1 የሆነው አንድ ሰው ቢቀድመው ይበቃዋል። ደፉ 9 የሆነው ግን ጎጡ በሙሉ ተክሎ ካላየ ንቅንቅ አይልም።

ደፍ ከየት ይመጣል? ብዙ ሰው ከድፍረትና ከፍርሃት ብቻ ይመስለዋል። አይደለም። ሁለት ጥማድ መሬት ብቻ ያለው ሰው ከተሳሳተ ልጆቹ ይራባሉ፤ ስለዚህ ደፉ ከፍ ቢል ማሰቡ ነው እንጂ መፍራቱ አይደለም። ልጁ አዲስ አበባ ሆኖ ብር የሚልክለት ሰው ደግሞ ቢከስርም ይቋቋመዋል፤ ደፉ ዝቅ ይላል። የዲከረንስ ነገር ሲሆን ሌላም ምክንያት አለ። ጎረቤትህ ዛፍ ከተከለ ጥላው ድንበርህ ላይ ያለውን ጤፍ ያቀጭጨዋል። በሁለት ወገን ዛፍ ከከበበህ ጤፍህ እየሳሳ ይሄዳል፣ አንተም ወደህ ሳይሆን ሒሳብህን ሠርተህ ትተክላለህ። "ጎረቤቴን አይቼ" ማለት ሁልጊዜ መኮረጅ ማለት አይደለም።

አሁን የ10 ቤቶቹን ደፍ እንደ መሰላል እንደርድረው፦ 0፣ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5፣ 6፣ 7፣ 8፣ 9። ደፉ 0 የሆነው ይተክላል። አንድ ሰው ተክሏልና ደፉ 1 የሆነው ይከተላል። ሁለት ሲሆኑ ደፉ 2 የሆነው ይገባል። እንዲህ እንዲህ እያለ ጎጡ በሙሉ ይተክላል። 10 ከ10።

አሁን አንዲት ነገር ብቻ እንቀይር። ደፉ 1 የነበረውን ሰው 2 እናድርገው። ሌላው ሁሉ እንዳለ ነው። ደፉ 0 የሆነው ይተክላል። ከዚያስ? አንድ ተካይ አይቶ የሚነሳ ሰው የለም። ሁለት ሰዎች "ሁለት ካየሁ" ብለው ይጠብቃሉ፣ አንዱ "ሦስት ካየሁ" ይላል፣ ሌላው አራት። ሁሉም ይተያያል፣ ማንም አይነሳም። ውጤቱ 1 ከ10 ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡት። የመጀመሪያው ጎጥ ደፎች ሲደመሩ 45 ናቸው፤ የሁለተኛው 46። በአማካይ 4.5 እና 4.6 ማለት ነው። ሁለቱን ጎጦች ቤት ለቤት ዞራችሁ ስለ ዛፍ ያላቸውን አስተያየት ብትጠይቁ ልዩነታቸውን ጭራሽ አታዩትም። ግን አንዱ ጎጥ ደን ሆኗል፣ ሌላው አንድ ለብቻው የቀረ ሰው ይዟል። ከሩቅ የሚመጣ እንግዳ ደግሞ አይቶ ምን ይላል? "እነዚያ ንቁ፣ እነዚህ ግትር።"

ይህን አስተሳሰብ እ.ኤ.አ. በ1978 በቁጥር ያስቀመጠው ማርክ ግራኖቬተር የሚባል አሜሪካዊ የኅብረተሰብ ጥናት ምሁር ነው። የእሱ ምሳሌ ጎጥ ሳይሆን አደባባይ ላይ የተሰበሰቡ 100 ሰዎች ነበሩ፤ ሁከት ይነሳል ወይስ አይነሳም የሚል። እዚያም አንድ ሰው ሲቀየር ከተማ ያናወጠው ሁከት "አንድ ረባሽ መስኮት ሰበረ" ወደሚል ዜና ይወርዳል። እኔ ይህን ስሌት ለመጀመሪያ ጊዜ በእጄ ስሠራው ደጋግሜ ቆጠርኩት፤ የተሳሳትኩ መስሎኝ ነበር።

እርግጥ እውነተኛ መንደር እንደ መሰላል የተደረደረ አይደለም። ሰዉ ይብዛም ይነስም አንድ ቦታ ላይ ይከማቻል። ስለዚህ ተለቅ ያለ ምሳሌ እንውሰድ። 100 ቤት አለን። 5ቱ ደፋቸው 0 ነው። 10ሩ "10 ሰው ካየሁ" ይላሉ። 25ቱ "20 ካየሁ"፣ 40ዎቹ "30 ካየሁ"፣ የቀሩት 20ዎቹ ደግሞ "60 ካየሁ" ይላሉ። ቁጥሮቹ የእኔ ናቸው፣ አሠራሩን ለማሳየት ያህል ነው።

የስሌቱ ሕግ አንድ ነው። ዛሬ ስንት ሰው አድርጎታል? ደፋቸው እስከዚያ ቁጥር ድረስ የሆኑትን ቁጠሩ። ያ የነገው ቁጥር ነው። 5 ሰው ጀመረ፤ ደፋቸው እስከ 5 የሆኑት እነዚያው 5 ናቸው፤ ነገሩ እዚያው ይቆማል። አሁን አንድ ፕሮጀክት መጣ እንበል። ችግኝ በነጻ ሰጥቶ 10 ሰው ላይ አደረሰው። ደፋቸው እስከ 10 የሆኑት 15 ናቸው፣ ስለዚህ 15 ይደርሳል፣ 15 ላይ ግን እንደገና ይቆማል። ሌላ ፕሮጀክት ገፍቶ 19 አደረሰውና በጀቱ አለቀበት። ደፋቸው እስከ 19 የሆኑት አሁንም 15 ብቻ ናቸው። ግፊቱ ሲነሳ አራቱ ወደ ድሯቸው ይመለሳሉ። አንድ ሰው ተጨምሮ 20 ቢሆንስ? ደፋቸው እስከ 20 የሆኑት 40 ናቸው። 40 ሲሆን ደፋቸው 30 የሆኑት ሁሉ ገብተው 80 ይሆናል። 80 ሲሆን "60 ካየሁ" ያሉትም ገቡ፣ 100 ሞላ።

19 ላይ ወደ 15 ይወርዳል። 20 ላይ 100 ይሞላል። ይህ ነው እኔን ሁልጊዜ የሚከነክነኝ። 19 ላይ የቆመው ፕሮጀክት ሪፖርቱ ውስጥ የሚጻፈው "ኅብረተሰቡ የግንዛቤ ችግር አለበት" የሚል ነው። አንድ እርምጃ እንደቀረው የሚያውቅ የለም፤ ከውጭ ሲታይ ነገሩ ተስፋ የለሽ ይመስላልና።

ለውጥ በጊዜ ውስጥ ሲታይ ደግሞ የራሱ ቅርጽ አለው። መጀመሪያ ይንቀራፈፋል፣ መሐል ላይ ይሮጣል፣ መጨረሻ ላይ እንደገና ይዘገያል። ይህን ከመዘገቡት ቀደምት ጥናቶች መካከል የታወቀው የበቆሎ ነገር ነው፤ ለጎጃም ሰው የሚቀርብ ጉዳይ። አሜሪካ ውስጥ አይዋ በሚባል ግዛት ራያንና ግሮስ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች 259 ገበሬዎችን ጠይቀው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1943 አወጡ። የተዳቀለ የበቆሎ ዘር እዚያ የገባው በ1928 አካባቢ ነው። በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት የዘራው ከአሥር አንድ ያህል ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሦስት ዓመታት ግን ወደ 40 በመቶ ዘለለ። በ1941 ከ259ኙ ያልዘሩት ሁለት ብቻ ነበሩ። ስለ ዘሩ መጀመሪያ የሰሙት ባመዛኙ ከዘር ሻጮች ነው፤ ያመኑት ግን ጎረቤታቸውን አይተው ነው። አንድ ገበሬ ከሰማበት ቀን አንሥቶ እስኪወስን በአማካይ ዘጠኝ ዓመት ያህል ፈጅቶበታል። ዘጠኝ ዓመት! የዘመናዊ ግብርና አገር በሚባለው አሜሪካ ማለት ነው። እኛ አገር ከባኮ ምርምር የወጣው ቢኤች 660 የተባለው የተዳቀለ የበቆሎ ዘር የተለቀቀው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው፤ በሁለተኛው ክረምት ያልዘራውን የቡሬ ወይም የአቸፈር ገበሬ "ኋላ ቀር" ማለት እንግዲህ ከየት የመጣ ፍርድ ነው?

ይህን ቅርጽ በቀመር ያስቀመጠው ፍራንክ ባስ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1969። ሐሳቡ ሁለት ግፊት አለ የሚል ነው። አንዱ ከውጭ የሚመጣ ነው፦ ሬዲዮ፣ ማስታወቂያ፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ። ሌላው ከውስጥ የሚመጣ ነው፦ ቀድሞ ያደረገው ጎረቤት። የውጭው ግፊት ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፤ የውስጡ ግን ያደረገው ሰው በበዛ ቁጥር ይበረታል። ለገበያ ዕቃዎች ብዙ ጊዜ የሚወሰደው አማካይ መጠን ለውጭው 0.03፣ ለውስጡ 0.38 ነው። ያን ይዘን 1,000 ቤት ያለው ቀበሌ ላይ እናስላ፤ በየዓመቱ 0.38ን እስካሁን በገባው ሰው ድርሻ አባዝተን 0.03 እንጨምርበታለን፣ የመጣውንም ገና ባልገባው ሰው ቁጥር እናባዛለን። በመጀመሪያው ዓመት 30 ሰው ይገባል። በሁለተኛው 40፣ በሦስተኛው 53፣ በአራተኛው 67። በስምንተኛው ዓመት 110 ሰው ይገባና ከፍተኛው እሱ ይሆናል። ከዚያ ያልገባው ሰው ቁጥር ራሱ እያነሰ ስለሚሄድ በዘጠነኛው 104፣ በአሥረኛው 90 እያለ ይወርዳል። በመጀመሪያው ዓመት የገቡትን 30 ሰዎች አይቶ "አልተሳካም" ብሎ የሚዘጋ ሰው፣ ያው ስሌት በአሥር ዓመት ውስጥ ከ780 በላይ እንደሚያደርሰው አያይም።

እስካሁን ግን አንድ ትልቅ ነገር ዘልያለሁ። በ10 ቤቶቹ ምሳሌ ሁሉም ሁሉንም ያያል ብያለሁ። እውነት አይደለም። ሰው የሚያየው የሚዋሰነውን ነው፣ ወንፈል የሚጋባውን፣ በደቦ አብሮ የሚያጭደውን።

እዚህ ላይ ወሬና ድርጊት ይለያያሉ። ወሬ በገበያ ይሄዳል። ቅዳሜ ገበያ ላይ የተሰማ ነገር በሳምንቱ ሦስት ቀበሌ ያዳርሳል፤ ለወሬ አንድ ሰው አንዴ ቢናገር በቂ ነው። ያ ተናጋሪ የቅርብ ወዳጅ መሆን የለበትም፣ እንዲያውም ሩቅ ቢሆን ይሻላል፤ የቅርቡ ሰው የሚያውቀውን እናንተም ታውቁታላችሁና። ግራኖቬተር ራሱ እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳየው ይህንን ነው። ድርጊት ግን እንዲህ አይሄድም። ማሳህን ለመለወጥ፣ ልጅህን ለመዳር ወይም ላለመዳር፣ ገበያ ላይ አንድ ሰው የነገረህ አይበቃህም። ሁለት ሦስት የምታምናቸው ሰዎች አድርገውት ማየት ትፈልጋለህ። ዴመን ሴንቶላና ማይክል ሜሲ እ.ኤ.አ. በ2007 ይህንን ልዩነት በስሌት አሳዩት፤ ወሬን የሚያፈጥነው የሩቅ ትስስር ድርጊትን ላያሻግር ይችላል።

ይህንንም በወረቀት እንየው። በአንድ ኮረብታ ዙሪያ ክብ ሠርተው የተቀመጡ 10 ቤቶች ይኑሩን። እያንዳንዱ ቤት የሚያየው በቀኝ ሁለት፣ በግራ ሁለት ጎረቤት ነው። የሁሉም ደፍ 2 ነው። አሁን ለመጀመር ሁለት ሞዴል አርሶ አደሮች እንምረጥ። ብዙ ባለሙያ "ለሁሉም እንዲዳረስ" ብሎ አራርቆ ይመርጣል፤ አንደኛውንና ስድስተኛውን ቤት። ቁጠሩት። እያንዳንዱ ቤት ከሁለቱ አንዱን ብቻ ያያል። አንድ ደግሞ አይበቃም። ማንም አይነሳም፣ በመቶ ዓመትም አይነሳም።

አሁን አንደኛውንና ሁለተኛውን ቤት እንምረጥ፣ ድንበርተኞቹን። ሦስተኛው ቤት ሁለቱንም ያያል፤ ይተክላል። ከሌላው ጎን አሥረኛውም ሁለቱንም ያያል፤ ይተክላል። በሚቀጥለው ዓመት አራተኛውና ዘጠነኛው፣ ከዚያ አምስተኛውና ስምንተኛው፣ በአራተኛው ዓመት ስድስተኛውና ሰባተኛው። ክቡ ሞላ። ሰዉ ያው ነው፣ ደፉ ያው ነው፣ የተመረጡት ሁለት ናቸው፣ ወጪውም እኩል ነው። የተለየው የሁለቱ መቀራረብ ብቻ ነው።

ይህ በወረቀት ብቻ የቀረ አይደለም። ማላዊ ውስጥ በ200 መንደሮች ተሞክሯል፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሟል። ጉድጓድ ቆፍሮ በቆሎ የመዝራት ዘዴ ነበር የሚለመደው። በየመንደሩ ሁለት ሁለት ገበሬ ሠለጠነ። በአንዳንዱ መንደር ሁለቱን የመረጠው እንደተለመደው የግብርና ባለሙያው ነው፤ በሌሎቹ ግን ማን ከማን ጋር እንደሚነጋገር ቤት ለቤት ተጠይቆ በስሌት ተመረጡ። "ሰው ለመቀበል ከአንድ በላይ ምሳሌ ይፈልጋል" በሚለው ስሌት የተመረጡባቸው መንደሮች ዘዴውን በተሻለ ሁኔታ ተቀበሉ። እኛ ዘንድ ኩታ ገጠም እርሻ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚነገረው ትራክተር ለማስገባትና ግብዓት በአንዴ ለማድረስ እንደሚመች ነው። ከዚህ ስሌት አንጻር ግን ሌላም ጥቅም ሊኖረው ይችላል፤ ድንበርተኞች አብረው ሲጀምሩ ከዳር ያለው ሰው በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ ምሳሌ ያያል።

ከማሳ ወጥተን ወደ ወግ ልማድ ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል፤ ምክንያቱም እዚያ ሰው ልቡንና ድርጊቱን ይለያያል። ተዝካርን ውሰዱ። በሬ ይታረዳል፣ ጠላው ይጠመቃል፣ አረቄው ይወጣል፣ ሐዘንተኛው ቤተሰብ ይበደራል። ለብቻው ይዛችሁ ብትጠይቁት ብዙው ሰው "በዛ፣ ቢቀንስ ጥሩ ነበር" ይላችኋል። ተራው ሲደርስ ግን ያው ይደግሳል። እናቱን በባዶ ሸኛት እንዳይባል። ማስመሰሉ አይደለም። ሌላው ሰው ሁሉ ድግሱን ይወዳል ብሎ ያምናል፤ ሌላውም ስለ እሱ እንደዚያው ያምናል።

በስሌታችን ይህ ምን ይመስላል? የ10ሩም ቤት ደፍ 5 ነው እንበል፦ "ከሌሎቹ አምስቱ ከተዉት እኔም እተዋለሁ።" ደፉ 0 የሆነ ሰው የለም። ስለዚህ ሁሉም እየፈለገው ማንም አይጀምርም፣ ልማዱ ለዘላለም ይቀጥላል። አሁን ግን ስድስት ሰዎች እድር ላይ አብረው ቆመው፣ በአንድ ቀን፣ በአደባባይ "ትተናል" ቢሉ? ከስድስቱ እያንዳንዱ አምስት ሌሎች ያያል፤ ቃሉን የሚጠብቅበት ምክንያት አለው። የቀሩት አራቱ ስድስት ያያሉ፤ እነሱም ይገባሉ። አንድ በአንድ የማይቻለው ነገር በአንድ ስብሰባ ይቻላል። እድር መተዳደሪያ ደንቡ ላይ ሲጽፈው የሚሠራው ለዚህ ነው፤ ከቅጣቱ ብር ይልቅ ሁሉም ሁሉንም ማየቱ ነው ጉልበቱ።

ጌሪ ማኪ የተባለ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1996 የቻይናን እግር ማሰር ያብራራው በዚህ መንገድ ነው። ለሺህ ዓመት ያህል የቆየ ልማድ ነበር፤ ሴት ልጅ በልጅነቷ እግሯ ካልታሰረ ባል አታገኝም ይባል ነበር። አንድ ቤተሰብ ብቻውን ቢተው ልጁ ቆማ ትቀርበታለች። ታዲያ ቤተሰቦች ማኅበር አቋቁመው ሁለት ቃል ይገቡ ጀመር፦ የሴት ልጃችንን እግር አናስርም፣ ወንዱን ልጃችንንም እግሯ ለታሰረ ልጅ አንድርም። ሁለተኛው ቃል ነው ቁልፉ። ያን ሁሉ ዘመን የቆየው ልማድ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ጠፋ። ጎጃም ውስጥ ስለ ልጅነት ጋብቻ ስናወራ ይህንን አስባለሁ። ሕጉ 18 ዓመት ይላል። ብዙ አባት ሕጉን ያውቀዋል፣ ልጁን ማስተማርም ይፈልጋል፤ የሚያስፈራው ሌላው ሁሉ ድሮ ሲጨርስ የእሱ ልጅ ብቻዋን እንዳትቀር ነው። ያን አባት ለብቻው ጠርቶ መምከር የእሱን ደፍ በጥቂቱ ዝቅ ያደርግ ይሆናል። የወንድ ልጅ አባቶችና የሴት ልጅ አባቶች አንድ ላይ ቃል ቢገቡ ግን የሚያየው ቁጥር ራሱ ይቀየራል።

ስንት ሰው ነው ታዲያ የሚበቃው? እ.ኤ.አ. በ2018 ሴንቶላና ባልደረቦቹ ሰዎችን በኢንተርኔት አገናኝተው በ10 ቡድኖች ሞከሩት። ቡድኑ ለአንድ ፎቶ የጋራ ስም አውጥቶ ከለመደ በኋላ፣ ሌላ ስም ብቻ የሚጠሩ የማያወላውሉ ሰዎች አስገቡበት። እነዚያ ሰዎች ከቡድኑ 25 በመቶ አካባቢ ሲደርሱ ቀሪው ሰው ወደ እነሱ ስም ዞረ፤ ከዚያ በታች ሲሆኑ አልሆነም። ቁጥሩ ዝናው ብዙ ነው፣ በየስልጠናውም ይጠቀሳል። እኔ ግን ለተዝካርም ለጤፍም ያው 25 ነው ብላችሁ እንዳትይዙት እለምናችኋለሁ። የፎቶ ስም መቀየር ማንንም አያስርብም። ደፉ ከፍ ባለበት ቦታ ቁጥሩም ከፍ ይላል።

አሁን ወደ መጀመሪያዬ ልመለስ። ስለ ሁለቱ ጎጦች ስናገር "አፈሩም ያው ነው" ብያለሁ። ይህ ትልቅ አባባል ነው። የአዊ ደጋ አፈር በብዙ ቦታ አሲዳማ ነው፤ አሲዱ የበረታበት ማሳ እህል ያንሳል፣ ኖራ ካልተጨመረበት ገብሱም አይረባ። ከወዲህ ያለው ጎጥ አፈሩ ትንሽ የባሰ ቢሆንስ? ያን ጊዜ ሁሉም ሰው ዛፍ የተከለው ጎረቤቱን አይቶ ሳይሆን፣ እያንዳንዱ ለብቻው ማሳው እምቢ ብሎት ነው። ከሩቅ ሲታይ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ። ጎን ለጎን ያሉ ማሳዎች በተከታታይ ዓመት ዛፍ ይሆናሉ። ቻርልስ ማንስኪ የተባለ የምጣኔ ሀብት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1993 ይህንን ችግር በግልጽ አስቀምጦታል፦ ሰው ጎረቤቱን መሰለ ማለት ጎረቤቱን ተከተለ ማለት አይደለም፤ አንድ ዝናብ ሁለቱንም መትቷቸው ሊሆን ይችላል።

መለያው ምንድን ነው? ቅደም ተከተሉን ማየት ነው፤ ማን በየትኛው ክረምት ተከለ። ከዚያ አፈሩ ተመሳሳይ ሆኖ ወንፈል የማይጋቡ ሰዎችንና አፈሩ የተለያየ ሆኖ ወንፈል የሚጋቡ ሰዎችን ማነጻጸር። ለውጡ ወንፈሉን ተከትሎ ከሄደ መተያየት ነው፤ አፈሩን ተከትሎ ከሄደ አፈር ነው። ብዙ ጊዜ ሁለቱም ተቀላቅለው ይገኛሉ፣ ሥራውም አድካሚ ነው፤ ግን ይህን ሳይሠሩ "ሕዝቡ ተነቃቃ" ወይም "ሕዝቡ ተኛ" ማለት ግምት ብቻ ነው።

ለውጥ ደግሞ የመመለሻ መንገድ አለው፤ የመመለሻው ደፍ ከመሄጃው ጋር እኩል አይደለም። በመጋቢት 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ ሲገኝ እጅ መጨባበጥና መሳሳም በሳምንታት ውስጥ ተቆራርጦ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ተመለሰ፤ መጀመሪያ እጁን የሚዘረጋ አንድ ሰው ሲኖር እምቢ ማለት ነውር ሆነ። ያ በጥቂት ቀን ተለውጦ በጥቂት ቀን የሚመለስ ነገር ነው። ዛፍ ግን አራት ዓመት መሬት ውስጥ ሥር ይሰዳል።

ይህን የማነሳው ያለምክንያት አይደለም። በቅርብ ዓመታት ዲከረንሱን የዝገት በሽታ ገብቶበት ቅጠሉን እያደረቀ፣ ተካዩን ክፉኛ አስደንግጦታል። አሁን ጥያቄው ተገልብጧል፦ ማን ነው ቀድሞ ነቅሎ ወደ ጤፍ የሚመለሰው? ብቻውን ቢመለስ ጤፉ በጎረቤት ዛፍ ጥላ ውስጥ ይበቅላል። ወፉም እሱ ማሳ ላይ ብቻ ይወርዳል። ስለዚህ አብሮት የሚመለስ ድንበርተኛ ይፈልጋል፤ ምናልባትም ዛፍ ሲተክል ከጠበቀው በላይ ብዙ ሰው።

ባለፈው ክረምት ከጅረቱ ወዲህ ባለው ጎጥ ሦስት ሰዎች ነቅለው ጤፍ ዘርተው ነበር። የሁለቱ ማሳ ይዋሰናል፣ በመካከላቸው ያለውን ጎርፍ መቀልበሻ አብረው ቆፍረውታል፣ አረሙንም በወንፈል አረሙት። የሦስተኛው ማሳ በአራቱም አቅጣጫ ዛፍ ነው። በኅዳር ስሄድ የሁለቱ ጤፍ ታጭዶ ተከምሯል። አጠገባቸው ያሉ ሁለት ሰዎች መጥረቢያ ይዘው የራሳቸውን ዛፍ እየቆጠሩ አገኘኋቸው።